ድንች ያልሆነ ሥር

ሥራ የጀመርሁት ሚያዝያ ውስጥ ነው፤ ሰኞ ቀን። ቆሰበር ላይ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ያለ አንድ ትንሽ ሆቴል አትክልተኛ ይፈልግ ነበር። ባለቤቷ እትዬ ዘርፌ የትምህርት ማስረጃዬን ገልበጥ አድርገው አዩና መልሰው ሰጡኝ። ቀጥሎ መዳፍህን አሳየኝ አሉ። አሳየኋቸው። የዳንግላ ገበሬ ልጅ መሆኔን ስነግራቸው ድንች ተክዬ አውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። አፍ ከመፍታቴ በፊት ድንች ተክያለሁ አልሁ። ተቀጠርሁ።

የተቀጠርሁት አበባ ለመትከል ነበር።

መሣሪያ ያስረከቡኝ ዘበኛው አያ ፈንቴ ናቸው። ከዘንገና አካባቢ የመጡ፣ ከፈረስ፣ ከገብስና ከድንች ሌላ ምንም ነገር የማያከብሩ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ዶማ፣ አንድ አካፋ፣ አንድ የዛገ መቀስና አንድ ጥሩ ቢላ ሰጡኝ። ከዚያ መጋዘን ወስደው ገለባ የሞሉ ቅርጫቶችን አሳዩኝ። በገለባው ውስጥ የዳሊያ ሥር ነበር። አያ ፈንቴ በአዊኛ አንድ ነገር አጉተመተሙ። ምን አሉ ብዬ ብጠይቃቸው ለአማርኛ አይመችም አሉኝ።

ዳሊያ ክረምቱ ሲገባደድ የሚያብብ፣ ራሱ የቡና ስኒ ማስቀመጫ ከማከል እስከ ሳህን የሚሰፋ አበባ ነው። ከአፈር በታች ስኳር ድንች የሚመስሉ ሥሮች በአንድ ግንድ ዙሪያ ተንጠልጥለው ይኖራሉ። ኅዳር ላይ ውርጭ ግንዱን ሲያቃጥለው ሥሩ ይቆፈራል፣ ይናፈሳል፣ በገለባ ተሸፍኖ ይቆያል፣ ግንቦት ላይ ተመልሶ ይተከላል። ይህ ሁሉ ድካም ለማይበላ ነገር መሆኑ አያ ፈንቴን ያሳምማቸው ነበር። የባጃጅ ሾፌሮችም በአጥሩ ሥር ሲያልፉ «ወንድሜ፣ ድንቹ መቼ ይደርሳል?» ይሉኛል። እርሻውን ሁሉ ለከሰል በሚሆን ዛፍ የሸፈነውን ጎረቤታቸውን ግን «ምን ልትበላ ነው?» ብሎ የጠየቀው ሰው አላየሁም።

ቀዩ፣ ቢጫውና ነጩ ዳሊያ በየቅርጫቱ ሞልቶ ነበር። ለብቻው የተቀመጠ አንድ ቅርጫት ውስጥ ግን አንድ እቅፍ ሥር ብቻ አለ። አበባው ጥቁር ቀይ ነው፤ የቀይ ሥር ውኃ ይመስላል። የተከሉት የእትዬ ዘርፌ እናት ናቸው። ሆቴሉ ገና መኖሪያ ቤት ሳለ ደጁን ሁሉ የሞላው እሱ ነበር አሉ። እናትየው እየደከሙ ሲሄዱ አበባውም አብሮ ሳሳ። እሳቸው ሲያርፉ ከአበባው አንድ ቀረ።

ትእዛዜ ይህን አንዱን ሃያ ማድረግ ነበር። መስከረም ላይ የእናታቸው ሙት ዓመት ነው፤ እትዬ ዘርፌ መቃብሩን በዚህ አበባ ሊከብቡት አስበዋል።

«ሌላው ቢጠፋ ግድ የለኝም» አሉኝ። «ይኼ ከጠፋ ከየት አመጣዋለሁ?»

ሃያ ሁለት አደርግልዎታለሁ አልኋቸው።

ሥራውን እንደ ገበሬ ልጅ ሠራሁት። ቢላውን በእሳት አሞቅሁ። ሥሮቹን አንድ በአንድ ከግንዱ ላይ ለስለስ አድርጌ ቆረጥሁ። ቁስላቸውን አመድ ነሰነስሁበት። ሁለት ቀን ጥላ ውስጥ አስጥቼ ቁስሉ እስኪደርቅ ጠበቅሁ። መሃል የቀረውን ግንድ ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ ወረወርሁት፤ ድንች ሲወጣ ግንዱን ማን ያስቀምጣል? አያ ፈንቴ ቅርጫቱን ይዘውልኝ ነበር። ሲያልቅ ቁርጦቹን አገላብጠው አዩና «እጅህ የተማረ ሰው እጅ አይመስልም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህም እንደዚህ ያለ ምስጋና አላገኘሁም።

ሃያ ሁለቱን ምርጡ መደብ ላይ ተከልኋቸው። የኛ አገር ዝናብ ሥር ስለሚያበሰብስ መደቡን ከፍ አደረግሁት፤ አፈሩ ኮምጣጣ ስለሆነ ኖራ ጨመርሁበት። አበባው ሲከብድ እንዳይሰበር ለእያንዳንዱ አንዳንድ ቀርከሃ አቆምሁለት። ይህን ሳደርግ ጊዜ አለቀብኝ። ሌሎቹን ቀለሞች ሳልከፋፍል፣ እቅፍ እቅፋቸውን እንዳሉ፣ በአጥሩ ሥር ጉድጓድ ቆፍሬ ከተትኋቸው።

ሰኔ ሲገባ በአጥሩ ሥር የከተትኋቸው ዳሊያዎች ቁመታቸው ጉልበት ደረሰ። ምርጡ መደብ ላይ ሃያ ሁለት ቀርከሃ ብቻ ቆሟል።

እትዬ ዘርፌ በየማለዳው ጃንጥላ ይዘው ይመጡና «አልወጣም?» ይሉኛል። ጠቆር ያለ አበባ ሲወጣ ይዘገያል፣ መጽሐፍ ላይ አንብቤያለሁ አልኋቸው። እንዲህ የሚል መጽሐፍ የለም። ሆኖም አንባቢ የሚባል ሰው ሲዋሽ ማስረጃ የሚጠይቀው የለም፤ ከማንበብ ያተረፍሁት አንዱ ጥቅም ይህ ነው።

አንድ ቀን አንዱን ቆፍሬ አወጣሁት። ሥሩ ጠንካራ ነው፤ እንዲያውም ወፈር ብሏል፣ ነጫጭ ፀጉር የመሰሉ ሥሮችም አብቅሏል። ቡቃያ ግን የለውም። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አወጣሁ፤ እንዲያው ናቸው። አልበሰበሱም፣ አልበቀሉም። እንዲህ ያለ ሁኔታ በመሥሪያ ቤት እንጂ በአፈር ውስጥ የሚገኝ አይመስለኝም ነበር።

ከዚያ ከአጥሩ ሥር አንዱን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ቡቃያው ሁሉ የወጣው ሥሩ ከግንዱ ከሚገናኝበት፣ ከአንገቱ ላይ ነው። የድንች ዓይን በገላው ሁሉ ተበትኗል፤ የትም ቢቆረጥ ከዓይኑ አንዱ ካለበት ይበቅላል። የዳሊያ ዓይን አንገቱ ላይ ብቻ ነው። እኔ ሃያ ሁለቱንም ከአንገት በታች ቆርጫቸዋለሁ፤ አንድም አልሳትሁም። ዓይኖቹ በሙሉ ከግንዱ ጋር ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ ነበሩ።

ያን ጊዜውኑ ጉድጓዱን መቆፈር ነበረብኝ። አልቆፈርሁም። ብስባሽ ሲቆፍር የታየ ሰው ምን ጠፋህ መባሉ አይቀርም። ይልቅ በየሳምንቱ እንደማደርገው ትኩስ የፈረስ ፋንድያ ከላዩ ጨመርሁበት።

በሁለተኛው ሳምንት አዘና ከተማ አንድ ግቢ ውስጥ ቀይ ዳሊያ አለ ሲባል ሰምቼ በሚኒባስ ሄድሁ። የግቢው ሰዎች አምና ያበበውን ፎቶ በስልካቸው አሳዩኝ። ቀለሙ ፈካ ያለ ነው፤ ቢሆንም ላላወቀ ሰው ይመስላል። አንድ እቅፍ ለምኜ በከረጢት ይዤ ተመለስሁ። በሩ ላይ አያ ፈንቴ ከረጢቱን ከፍተው አዩ። እውነቱን ነገርኋቸው። እትዬ ዘርፌ አይለዩትም ብዬም ጨመርሁበት።

«እሷ» አሉ አያ ፈንቴ፣ «እዚህ አበባ ሥር ነው ዳዴ ያለችው። እኔ እያየሁ። እንዴት አትለየውም?»

የከረጢቱን አፍ መልሼ አሰርሁ።

«ሂድና ንገራት። ቅርጫቱን የያዝሁት እኔ ነኝ፤ አብሬህ እገባለሁ።»

አብረን ገባን። እትዬ ዘርፌ አንድም ቃል ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ስጨርስ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ግንዱ የት ነው? ሦስታችንም ወደ ጉድጓዱ ሄድን። ፋንድያውን በአካፋ ገልጬ አወጣሁት። ከአንገቱ ላይ ጣት ጣት የሚያካክሉ ሦስት ቡቃያዎች አውጥቶ ነበር። ሙቀቱ ቀቅሏቸዋል። ስነካቸው እጄ ላይ ሟሙ።

አያ ፈንቴ ጎንበስ ብለው አሸተቱት። «ሳምንት አልሞላውም ከሞተ» አሉ።

እትዬ ዘርፌ ተመልሰው ሲሄዱ የሚያባርሩኝ መስሎኝ ዶማውን አጠብሁ። እሳቸው ግን ሃያ ሁለቱን ሥሮች አውጥቼ፣ አጥቤ፣ ወጥ ቤት እንዳስገባ አዘዙኝ። ይቀቀል አሉ። ወጥ ሠሪዋ ሙሉ፣ ይኼ ነገር ሰው ይገድላል አይገድልም ብላ ወደ እኔ ዞረች። በትውልድ አገሩ ይበላል፣ አንብቤያለሁ አልኋት። ይህንን እንኳ በእርግጥ አንብቤው ነበር። እትዬ ዘርፌ ግን ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ መጽሐፍ ጠቅሼላቸው አላውቅም።

አንድ ትሪ ላይ ቀረበልን። እትዬ ዘርፌ አንዱን ልጠው ረዘም ላለ ጊዜ አላመጡት። የእናታቸውን አበባ ሲበሉ ዓይናችንን የምናሳርፍበት ጠፍቶን እኔም አያ ፈንቴም ወደ ትሪው አቀረቀርን።

«ጨው ያንሰዋል» አሉ።

አያ ፈንቴ ሁለት በሉ። ድንች አይደለም ሲሉ ፈረዱ፤ ሦስተኛውንም አነሡ።

እትዬ ዘርፌ እጃቸውን ታጥበው ሲመለሱ ሥራ ልልቀቅ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሌላ ሰው ብቀጥር እሱም የሚማርበት አበባ ይፈልጋል» አሉኝ። «እኔ ደግሞ መማሪያ የሚሆን አበባ ጨርሻለሁ። ነገ በጊዜ ግባ።»

መስከረም ላይ መቃብሩን የከበበው ነጭ ዳሊያ ነው። የተከልሁት እኔ ነኝ። የመጡት ዘመዶች አበባው አማረ አሉ፤ እትዬ ዘርፌ አመሰገኑ። የአዘናውን ቀይ ለሰጡኝ ሰዎች መለስሁት።

ከዚያ ወዲህ አሥራ ስድስት ክረምት ዳሊያ ተክያለሁ፤ አሁንም እዚያው ሆቴል ነኝ። ጥቁር ቀዩን በደረስሁበት ሁሉ ጠይቄያለሁ፤ አላገኘሁትም።

ለጀማሪ የምነግረው ይህን ነው። የዳሊያ ሥር ሲከፋፈል እያንዳንዱ ሥር ከአንገቱና ከግንዱ ቁራጭ ጋር ይውጣ። ዓይኑ አብጦ ሳይታይ ቢላ አይነሣ። ስትሳሳቱ ደግሞ ያወቃችሁ ዕለት ተናገሩ፤ ብስባሽ ውስጥ የገባ ግንድ ሁለት ሳምንት አይጠብቅም።