የባንቺ በጎች

ማሬ ልጅ አልወለደችም። ይህ ቀድሞ ይነገር፤ ከአስከተማ ከተማ በላይ ባለችው በዚያች የጋዝጊብላ ወረዳ መንደር ሰው ስለ ማሬ ሲያወራ የሚጀምረው ከዚሁ ነውና። ሙያዋ ለጉድ ነው አይሉም፣ እጇ አይታጠፍም አይሉም፤ "ያቺ መካኗ" ይላሉ። ምላሳቸውን ይቁረጠውና! ባሏ በደርግ መውደቂያ ሰሞን በወባ ሞተባት። ከዚያ ወዲህ በግቢዋ ያሉት ሁለት ጎጆዎች፣ ከጓሮዋ ያለችው የገብስ ማሳና እሷው ራሷ ብቻ ነበሩ። ገበያ ስትወርድ ከሰው ጋር ስትሳሳቅ ትውላለች። ቤቷ ስትመለስ ግን "እንዴት ዋልሽ" የሚላት የለም። እንደ ጥርስ ሕመም ነበር ነገሩ፤ አንዳንድ ቀን ይተዋታል፣ አንዳንድ ቀን ያንገበግባታል።

ሌላም ቁስል ነበራት። ስትዳር ከአባቷ ቤት አንዲት ቡላ ላም ይዛ መጥታ ነበር። ባሏ አንድ ቀን ምንም ሳይላት ሰቆጣ ገበያ ነድቶ ሸጣት። ማሬ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ገመዷ ብቻ ከግንዱ ተንጠልጥሎ ጠበቃት። ስትጠይቀው፣ "ታዲያ ላንቺ መንገር ነበረብኝ እንዴ?" አላት፤ ከልቡ ገርሞት። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የሁሉም ቤት ያው ነበር። ማሬ ግን ያቺን ላም እስከ ዛሬ ከሆዷ አላወጣቻትም።

በዘጠና ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ሲገባ፣ ሰቆጣ ላይ ቢሮ የከፈተ አንድ የሴቶች ድርጅት ሂልዳ የምትባል ወጣት ፈረንጅ ወደ መንደሯ ላከ። ሂልዳ የኖርዌይ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲዋን ለመጨረስ ሰው አገር ሄዳ የሥራ ልምምድ ማድረግ ነበረባት፤ ልምምዱ ደግሞ የገጠር ሴቶችን ስለ መብታቸው ማስተማር ሆነ። "ኧረ ባካችሁ፣ ገና ከናቷ ጉያ ያልወጣች ልጅ ምን ልትነግረን ነው?" ብለው ሴቶቹ ተሳሳቁ። ማደሪያ ሲፈለግላት ትርፍ ጎጆ ያላት ማሬ ብቻ ሆነች። የድርጅቱ ሠራተኛ ሰርካለም፣ አገውኛውንም አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም እንደ ውሃ የምትጠጣ የሰቆጣ ልጅ፣ አብራ እየመጣች ታስተረጉምላት ጀመር።

ትምህርቱ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ከትልቁ ወይራ ሥር ነበር። ሂልዳ በሰፊ ወረቀት ላይ ላም፣ ዶሮ፣ በግ ትሥልና፣ "ይቺ የማን ናት? የሚመግባት ማን ነው? የሚሸጣትስ?" ትላለች። ሴቶቹ ላሟ ከድመት አትለይም እያሉ ይስቁባታል። አንድ ቀን ግን እንዲህ አለች፦ "የሴት ንብረት እሷ ሳትጠየቅ አይሸጥም። ባል ቢሆን፣ አባት ቢሆን፣ እናት ብትሆን፣ ቢርብም ቢጠማም መጀመሪያ እሷ ትጠየቃለች።" ማሬ ከኋላ ተቀምጣ እንዝርቷን ስታሾር ነበር። እጇ ቆመ። ያቺ ቡላ ላም ዓይኗ ላይ መጣችባትና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ይህን ነገር በሕይወቷ ሙሉ ታውቀው ነበር፤ አፍ አውጥቶ የነገራት ሰው ግን አልነበረም።

የገና ሰሞን ሂልዳ ታመመች። ሆዷ አልረጋ ብሎ፣ ዓይኗ ጉድጓድ ገብቶ፣ የጠጣችው ውሃ እንኳ አልቀመጥ አላት። ማሬ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አጥሚት በማንኪያ እየመገበች፣ ላቧን እየጠረገች፣ ልብሷን እያጠበች አሻረቻት። ልጅቷ ቀና ስትል የማሬን እጅ ያዘችና በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ "አንቺ፣ እናቴ" አለቻት።

አይ ሂልዳ! ፈረንጅ ለወደደው ሰው ሁሉ እንዲህ ይል እንደሆን ማሬ ከየት ታውቃለች? ልጅ ሆኖ መግባት በወግ ነው፤ የሚፈልግ አፍ አውጥቶ "እናቴ" ይላል፣ እናትም ትቀበላለች። ማሬ ለሁለት ሳምንት ጠላ ጠመቀች፣ ድፎ ደፋች፣ ጎረቤት ጠራች። የባሏን ወንድም ካሤን ለምስክርነት አስቀመጠችው። ከዚያ አውራ ጣቷን ነጭ ማር ውስጥ ነክራ፣ በደረቷ ትክክል ይዛ፣ ሂልዳን አጠባቻት። ሂልዳ ማሩን ጠባች፣ ሳቀች፣ እልልታው ሲቀልጥ አጨበጨበች። ሰርካለም ፎቶ አነሳቻቸው። ማሬ ለልጇ "ባንቺ" የሚል ስም አወጣችላት፤ ጥቁር ጭንቅላት ያላት እንስት ጠቦትም አምጥታ፣ ጆሮዋን በጥታ ምልክት አድርጋ፣ ገመዷን እጇ ላይ አኖረችላት።

"እንግዲህ ስሚ፣" አለ ካሤ ጉሮሮውን ጠርጎ። "ይቺ በግ የእናትሽ ስጦታ ናት። በጊቱና ዘሯ ያንቺ ናቸው። በጓን ለእናትሽ የመለስሽ ቀን ግን ልጅነትሽንም መለስሽ ማለት ነው። ገብቶሻል?"

ሰርካለም አስተረጎመች። ሂልዳ ራሷን ነቀነቀች፣ ጠቦቷን አቅፋ ሳመች። ምስክር ሰማ፣ ጠላው ተጠጣ፣ አለቀ።

ግንቦት ላይ ልምምዷ አበቃ። ስትሰናበት የማሬን አንገት ይዛ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ ያ ልቅሶ የውሸት አልነበረም፣ ማንም የውሸት ነበር ቢል ሐሰት ነው። "እመለሳለሁ" አለች። መኪናው አቧራውን ለቆባት ሄደ። ማሬ ጠቦቷን በገመድ ይዛ መንገዱ ዳር ብቻዋን ቀረች።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። ማሬ የባንቺን ጎጆ በየሳምንቱ ትጠርጋለች፣ በእበት ትለቀልቃለች፣ አልጋውን ታነጥፋለች። በጊቱ ወለደች፤ ልጆቿም ወለዱ። ብርድ ሲበረታ በጎቹን የምታሳድራቸው እሷው በምትተኛበት ጎጆ ውስጥ ነው።

"አንቺ ሴትዮ፣ ባዶ ቤት እያለልሽ ከበግ ጋር ትተኛለሽ?" ይላታል ካሤ።

"ባዶ አይደለም፤ የባንቺ ነው" ትለዋለች።

ገበያ ላይ "የፈረንጅ ልጅሽስ? ቡና ምናምን አልላከችልሽም?" እያሉ ሲያሾፉባት ትስቅላቸዋለች። ቤቷ ስትገባ ሳቁ ይጠፋል። ቀድሞ ብቻዋን የነበረችው ማንም ስለሌላት ነበር። አሁን ልጅ አላት፤ ልጅ እያላት ብቻዋን ሆነች፤ ይሄኛው ይብሳል።

በዘጠና አምስት ሰማዩ ዘጋ። በልጉ ቀረ፣ ክረምቱም እንደ ነገሩ ጠብ ጠብ ብሎ ቆመ። ሰው ለእርዳታ ስንዴ ሰቆጣ ድረስ ይሰለፋል። ከብቱ መንገድ ላይ ይወድቃል። ካሤ መጥቶ ደጃፏ ላይ ተቀመጠ።

"ማሬ፣ ሥጋ ሳለባቸው በጎቹን ሽጫቸው። ነገ ቆዳ ነው የሚተርፍሽ።"

"የኔ አይደሉም።"

"የማን ናቸው ታዲያ?"

"የባንቺ። አልተጠየቀችማ።"

"ኖርዌይ ያለች ልጅ ጋዝጊብላ ስላለ በግ ትጠየቅ? ወይ ጉድ! አብደሻል እንዴ?"

"ራሷ ናት ያስተማረችኝ፣" አለች ማሬ። "እናትም ብትሆን፣ ቢርብም፣ ሳትጠየቅ አይሸጥም ብላለች። የኔን ላም ገመድ አይቻለሁ። በልጄ አላደርገውም።"

ካሤ ተስፋ ቆርጦ ሄደ። ማሬ ሰቆጣ ወርዳ ከድርጅቱ ቢሮ ደጅ ጠናች። "ልጄን ጠይቁልኝ፤ ልሽጥ ወይስ ላቆይ?" አለች። ሰርካለም እንጠይቅልዎታለን አለቻት፤ የቢሮው ሰዎች ግን በሰው ረሃብ ተይዘው የበግ ወሬ የሚሰማ አልነበረም። ማሬ የራሷ የሆነውን ሁሉ መሸጥ ጀመረች፦ ድስቷን፣ የባሏን ጋቢ፣ ከአንገቷ የማይወርደውን የብር መስቀሏን። መኖ ሲጠፋ የራሷን ጎጆ ክዳን ሣር ነቅላ ለበጎቹ አበላች። በላይዋ ሰማይ እየታየ ትተኛለች። የባንቺን ጎጆ ክዳን አንዲት ዘለላ አልነካችም። በጎቹ ግማሾቹ አለቁ፤ ጆሮዋ የተበጣችው እናቲቱና ጥቂት ልጆቿ ተረፉ። ማሬ ራሷ ከስታ ከስታ ብቻውን የሚሄድ ነጠላ መሰለች።

በማግሥቱ ዓመት ዝናቡ ታረቀ። በዚያው በጋ ሌላ ተለማማጅ ፈረንጅ መጣች፤ ከሰርካለም ጋር ወይራው ሥር ቆማ፣ "ማሬ የምትባለው ማን ናት?" ብላ ጠየቀች። ከቦርሳዋም ፎቶ አወጣች። ሂልዳ የማሬን አውራ ጣት ስትጠባ፣ ማሬ ስትስቅ፣ ካሤ ሲቆጣ! ሂልዳ ናት የሰጠቻት፤ "ሄደሽ ሳሚልኝ" ብላታለች።

"አልረሳችኝም!" አለች ማሬ፤ ጮኸች እንጂ። ሴቶቹን አንድ በአንድ እየጎተተች ፎቶውን አሳየች። አሽሟጣጮቹን ደግሞ ሁለት ሁለት ጊዜ። ያን ቀን ማሬን ያየ የሃያ ዓመት ሙሽራ ናት ይላል።

አዲሷ ልጅ የሂልዳን ስልክ ቁጥር ታውቅ ነበር። ማሬ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ቅቤ ቀብታ፣ ከሰርካለም ጋር ሰቆጣ ቴሌ ገባች። መንገዱን ሁሉ የምትለውን ስታሰላስል ነው የሄደችው። ሰርካለም ደወለች፣ ሳቀች፣ መነጋገሪያውን ለማሬ ሰጠቻት።

"እማማ ማሬ! እንደምን ነሽ?" አለ ከሩቅ የመጣው ድምፅ።

"ባንቺ! ልጄ! እኔ ደህና ነኝ፣ አንቺ ደህና ነሽ?" ማሬ መነጋገሪያውን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ አጣበቀችው። ከዚያ ወዲያ ግን የልጅቱ አማርኛ አለቀ። ማሬ መነጋገሪያውን ለሰርካለም መለሰችና፣ "በይ ንገሪልኝ፣" አለች። "ክፉ ቀን መጥቶ ግማሾቹ አልቀዋል፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በይኝ በያት። የቀሩትን ግን ሳልጠይቃት አልሸጥኩም። አሁን ምን ላድርግላት? ልሽጥ? ላርባላት? እሷ ታዛለች።"

ሰርካለም ብዙ አወራች። ከዚያ ዝም ብላ ሰማች፤ ደግማ ጠየቀች፤ እንደገና ሰማች። ከመነጋገሪያው ውስጥ የሂልዳ ሳቅ፣ ከሳቁ ጋር የተቀላቀለ ሲቃ፣ ለማሬም ተሰማት። ሰርካለም መነጋገሪያውን በእጇ ሸፍና ማሬን አየቻት።

"በይ እንጂ፣ ምን አለች?"

"እማማ... በጎቹ ትዝ አላሏትም። ስነግራት ግን አለቀሰች። እንዴት ያለች ደግ ሴት ናት፣ ሁሉም የእርስዎ ይሁኑ አለች። ሰጥቼሻለሁ በያት፣ ሁሉንም፣ ከነልጆቻቸው።"

"መለሰችልኝ" አለች ማሬ።

"ረስታው ነው እኮ እማማ! ስጦታ መስሏት ነው። ቆይ ልንገራት፣ ወጉን ላስረዳት፣ ገና መስመር ላይ ናት..."

"ተያት።" ማሬ ነጠላዋን አስተካከለች። "ደግ ልጅ ናት፤ አውቃለሁ። ተነግሯት ልጅ የምትሆነኝ ልጅ ግን ምን ትሠራልኛለች? እግዜር ይስጥልኝ ብላለች በያት።"

ሰርካለም እንደተባለችው ተናገረች። ማሬ ተመልሳ ዳገቱን ወጣች። ልቧ ድቅቅ ብሎ ነበር፤ መንገድ ላይ ላገኛት ሁሉ ግን ሰላምታዋን አላጓደለችም።

በማግሥቱ ካሤ ወሬውን ሰምቶ መጣ። "እንኳን ደስ ያለሽ! በጎቹ ያንቺ ሆኑ አሉ!" አለ ገና ከበሩ። ማሬ አልጋውን ከባንቺ ጎጆ አውጥታ ግቢው መሃል አቁማዋለች። ወለሉ ላይ ጭድ ጎዝጉዛለች፤ ጆሮዋ የተበጣችውን በግ በገመድ እየሳበች ወደ ውስጥ ታስገባለች፣ የቀሩት ከኋላ ይከተላሉ።

"ምን እያደረግሽ ነው? ይሄ የልጅሽ ቤት አልነበረም እንዴ?"

"እንግዳ ነበረች፣" አለች ማሬ። የመጨረሻዋን ግልገል በእግሯ ገፋ አድርጋ አስገባችና በሩን ዘጋች።