አንዴ ጠርቶ የሚዘጋ ስልክ

መርዶው የደረሰኝ ጎህ ሲቀድ ነው። በር ሲንኳኳ አከራዬ ወተት ያመጡልኝ መስሎኝ ስከፍት፣ ከኋላቸው የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል፤ አብረውኝ የሚያስተምሩትም ከአጥሩ ጥግ ነበሩ። «እናቴ ናት» አልኩ። አከራዬ እቅፍ አድርገው ያዙኝ።

ከተቀበረች ሳምንት ሊሞላት ነበር። ለሩቅ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርምና፣ ጎጃም ያለው ወንድሜ ለአከራዬ ብቻ ነግሮ፣ ሰው እስኪሰባሰብ ደብቀውኛል። ደንብ ነው፣ አልከፋኝም። እስከዛሬ የሚያባንነኝ ሌላ ነው።

ለፋሲካ አገሬ ጎጃም ለመግባት መሳፈሪያ እያጠራቀምኩ ነበር። ከማስተምርበት ከሲቀላ ወደማድርበት ሴቻ በባጃጅ መውጣቱን ትቼ ዳገቱን በእግሬ ያዝኩት። ዓሣ ቀረ። ነጠላዬ ሲሳሳ ለጨንቻ ሸማኔ አዲስ ማዘዙን ትቼ ጫፉን ሰፋሁት። እራቴ ዳቦ ከላንቴ በሚመጣ ሙዝ ሆነ፤ አከራዬ አጥር ላይ የሚቀመጡትን ጦጣዎች እያሳዩ «አንቺ ልጅ፣ እነዚህ ሊቀየሙሽ ነው» ይሉኝ ነበር።

የስልክ ካርድም ቀነስኩ። ይሄን እንኳ ከእናቴ ጋር ተማክረን ነው። ማታ ማታ ዶሮዎቿን ካስገባች በኋላ አንዴ አስጠርታ ትዘጋዋለች፤ ደህና ነኝ ማለቷ ነው። እኔም አንዴ አስጠርቼ እዘጋለሁ። ሳይቋረጥ ከጠራ ብቻ ልናነሳ ተስማማን።

«ወሬውን ለፋሲካ እናከማቸው» አለችኝ። «እህል ነው እንዴ የሚነቅዝ?»

ያን ሳምንት፣ እሷ አፈር ከገባች በኋላ፣ ስልኬ በየማታው በዚያው ሰዓት አንዴ እየጠራ ተዘግቷል። ቁጥሩ የእሷ ነው። እኔም በየማታው መልሻለሁ፤ ተመስገን፣ ዛሬም ደህና ዋለች ብዬ አማትቤ ተኝቻለሁ። መርዶውን በሰማሁበት ማታ፣ ለቅሶ ሊደርስ በመጣው ሰው መሀል ስልኬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። አልጠራም። ከዚያም ወዲህ አልጠራም።

ያጠራቀምኩት መሳፈሪያ ለአርባዋ ወሰደኝ። ስልኳ በዚያ ሰሞን የት ነበር ብዬ ወንድሜን ጠየቅሁት።

«ሳጥኗ ውስጥ ተቆልፎበት ነዋ» አለኝ። «ማን ነክቶት?»

ሲከፍትልኝ በመቀነቷ ተጠቅልሎ፣ ባትሪው አልቆ አገኘሁት። የሳጥኑ ቁልፍ በለቅሶው ግርግር ማን እጅ እንደነበር ግን አያስታውስም።

የንስሐ አባቴ «የሰው እጅ ነው፣ ልጄ፣ በዚህ አትጨነቂ» ብለውኛል። ቀን ቀን እኔም እንደሳቸው ነኝ። ሲመሽ ግን ከሥራ ወጥቼ ዳገቱን ስጨርስ፣ የአከራዬ ዶሮዎች ወደ ቆጣቸው ሲንጫጩ፣ እጄ ሳላዘው ስልኬን ፍለጋ ቦርሳዬ ውስጥ ይገባል። ጸሎቴንም ለማን እንደማደርስ ግራ ይገባኛል፤ ለነፍሷ ነው ወይስ ለጤናዋ?

እናቴን አጥባችሁ የገነዛችሁ፣ ድንኳኑ ውስጥ ያደራችሁ ጎረቤቶቿ፤ ልጅቷ በሰው አገር ብቻዋን እንዳትደነግጥ ብሎ ያን ስልክ የነካ ከመካከላችሁ ካለ፣ አልቀየመውም፤ እግሩን እስማለሁ። ማን እንደሆነ ብቻ ንገሩኝ። ቁጥሬን አልቀየርኩም፤ ደውሉልኝ፣ አነሳለሁ። አንዴ አስጠርታችሁ ግን አትዝጉት።