አራት እልልታ የቀረባት አዋላጅ

በደብረ ማርቆስ ከተማ ዕድሜው ከሃያ አምስት በታች ሆኖ በጥሩብርሃን እጅ ያልወጣ ሰው ካለ፣ እንግዳ ነው ማለት ነው። ይህን የምትለው አዋላጇ ራሷ ናት፤ እግዜር ቁመት ቢነሣት ምላስ ሰጥቷታል። አጭር፣ ፈጣን፣ እግሯም አፏም የማያርፍ ሴት ነበረች። ጣሊያን ገብቶ ከተማውን በሽቦ ሲከፋፍለውና አላፊ አግዳሚውን ሲፈትሽ እንኳ እሷን ያቆማት አልነበረም። ነጠላዋን አደግድጋ፣ ምላጭና ክር የቋጠረችበትን ጥቅል በብብቷ ሸጉጣ ስትሮጥ ያየ ዘብ ገለል ይልላታል። ምጥ ቀጠሮ አያውቅማ።

በ1930 ዓ.ም. ጥር ላይ ታናሽ ወንድሟ ድረስ ለአርበኞች ስንቅ ታቀብላለህ ተብሎ ተያዘ። ከሌሎች ሠላሳ ሰዎች ጋር የባንዳው ሰፈር ውስጥ ታጎረ፤ ከሰፈሩ በየትኛው ጥግ እንደሆነ ግን ከሽቦው ውጭ የሚያውቅ የለም። በሳምንቱ በካሚዮን ተጭነው፣ በደጀን አድርገው ዓባይን ይሻገራሉ የሚል ወሬ ተሰማ። ዓባይን ተሻግሮ የተመለሰ እስረኛ ደግሞ እስከዚያ ቀን አልታየም።

ከሮብ ገበያ በላይ የሸፈቱት አርበኞች እስረኞቹን ሊያስለቅቁ ቆረጡ። አለቃቸው ግራዝማች እንዳላማው ግን በሰው ወሬ የሚዘምት ሰው አይደለም። «ሰፈሩን በዓይኔ ሳላይ ሰው አላስፈጅም፤ በጠራራ ፀሐይ በእግሬ ከተማውን የሚያዞረኝ ሰው ፈልጉልኝ» ብሎ ላከ። ፍለጋው በመሪጌታ አካለ ወልድ ላይ ወደቀ። እሳቸውም ከከተማው ዳር ባለች ጎጇቸው ሁለት ሰው ጠሩ። ሦስተኛዋ ጥሩብርሃን ሳትጠራ ነው የመጣችው።

ግራዝማች መደብ ላይ ተቀምጦ ለሦስቱም አንድ ጥያቄ አቀረበ። «ዘብ ቢያቆመን ምን ታደርጋላችሁ?»

ፍሥሐ የሚባለው የመንገድ ሥራ ካቦ ቀደመ። «ቋንቋቸውን እሰባብራለሁ። ትልቁን ሹም ሳይቀር በስሙ ነው የምጠራው።»

«ሹሙን በስሙ የምትጠራ ከሆነ ሹሙም አንተን በስምህ ይጠራሃል» አለው ግራዝማች፤ ወደ ሁለተኛውም ዞረ።

ዲያቆን ፍቅረ ሥላሴ ዓይኑን ሰበር አድርጎ፣ «ለምድ አለብስዎና የቆሎ ተማሪ ነው እላለሁ» አለ። ግራዝማች ሽበቱን ዳሰሰ።

«እኔን አያቆሙኝም» አለች ጥሩብርሃን።

«አንቺ ከተማውን ታውቂዋለሽ?»

«ሕንጻውን ለፍሥሐ ትቼለታለሁ። እኔ የማውቀው የማን ውሻ እንደሚናከስ፣ የትኛው ጓሮ ወደ የትኛው ጓሮ እንደሚያወጣ፣ የትኛዋ ሴት ስንተኛ ወሯ እንደሆነ ነው። እርስዎ ሚስቱ በምጥ የተያዘችበት ባላገር ይሆናሉ። እኔ እሮጣለሁ፣ እርስዎ ጥቅሌን ይዘው ይከተሉኛል።»

«ወንድምሽ እዚያ ውስጥ ነው አሉ። ልቡ የተሰቀለ ሰው ዓይኑ አያይለትም።»

«የሚያዩት እርስዎ፤ እኔ ምን ቤት ነኝ? የእኔ ሥራ መሮጥ ነው።»

መሪጌታ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ግራዝማችም አልቀረ፣ ሳቀ። ምርጫው በዚያ አለቀ፤ ካቦውና ዲያቆኑ ተሰናበቱ። ጥሩብርሃን ስትወጣ ግን መሪጌታ በሩ ላይ ያዟት።

«አንድ አመል አለበት» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እልልታ ለሴት ሦስት፣ ለወንድ ሰባት ነው፤ ሰባቱ ሲሞላ ከሰማ ራሱን አያውቅም፤ ብድግ ብሎ ይፎክራል። አምና ይጁቤ ተደብቆ ሳለ ጎረቤት ወንድ ተወለደ። ሰባተኛዋን ሲሰማ ወጥቶ የፈረስ ስሙን ጠራ፤ በጥይት መሃል ነው ያመለጠው።»

«የእኛ ምጥ የውሸት ነው፣ መሪጌታ። ማን ተወልዶ ነው እልል የሚባለው?» ብላቸው ሄደች።

በማግስቱ ገበያ ነበር። ግራዝማች ጸጉሩን ተላጭቶ፣ የተቀደደ ኩታ ደርቦ፣ ጥቅሉን ታቅፎ ተከተላት። ችግሩ አረማመዱ ነው። ዕድሜ ልኩን አሽከር ያስከተለ ሰው አካሄዱ አለቀቀውም፤ እያንዳንዷን እርምጃ መሬት እንደሚሰጥ ሰው በክብር ያስቀምጣታል። ሁለት ዘቦች ዞር ብለው አዩት። ጥሩብርሃን ቆመችና ገበያተኛው እስኪሰማ ጮኸችበት።

«አንተ! ሚስትህ ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ ላይ ናት፣ አንተ እንደ ዳኛ ትንጎማለላለህ?»

ገበያተኛው ሳቀ። ዘቦቹም ሳቁ። ግራዝማች ፊቱ በርበሬ መሰለ፤ ግን ሮጠ። እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ፣ በጓሮ ገብተው በአጥር ሥር እየወጡ፣ መትረየስ የተጠመደበትን ጉብታ ዞሩ፣ የካሚዮን ማቆሚያውን አዩ። በየደረሱበት «ማርያም ትቅረባት» የሚላቸው አይጠፋም። ጥሩብርሃን ደስ ብሏታል፤ ፈርታም ደስ ብሏታል። ሃያ አምስት ዓመት የሮጠችበት መንገድ ሁሉ ለዚህች ቀን ልምምድ የነበረ መሰላት።

ከባንዳው ሰፈር የሽቦ በር አጠገብ ሲደርሱ አንድ ዘብ ጠመንጃውን እንደያዘ ዘሎ መንገዱን ዘጋ።

አቆማት።

«እትዬ ጥሩብርሃን፣ ማርያም ናት ያመጣችዎት» አለ ዘቡ። ላብ አጥምቆታል። ደምለው የሚባል የአገሬው ልጅ ነው። «ሚስቴ ማሬ ከትናንት ጀምራ ታምጣለች። ሁለት ወንዶች ቀብሬያለሁ፤ ይድረሱልኝ።»

«ይህኛውስ? የእሱም ሚስት ምጥ ላይ ናት» አለች ግራዝማችን እያሳየች።

«የእርስዎ ሰው ከሆነ ይግባ፣ ቁጭ ይበል። ብቻ ይፍጠኑ።»

እንዲህ ሆኖ አርበኛ ሁሉ ያልደፈረውን በር ግራዝማች እንዳላማው ጥቅል ታቅፎ ገባበት። ባንዶቹም ሚስቱ በምጥ የተያዘችበት መስሏቸው አዘኑለት፣ ከጥላ ሥር አስቀምጠው ጠላ ቀዱለት። ጥሩብርሃን ወደ ቤቱ ስትገባ ከግቢው ማዶ፣ ከአንድ የድንጋይ መጋዘን በር ላይ፣ ወንድሟን ድረስን ባልዲ ይዞ አየችው። ከስቷል። እሱም አያት። ፊቷን አዞረች፣ ምክንያቱም አንዴ ብታለቅስ ሠላሳ አንድ ሰው ታስገድላለች።

የማሬ ምጥ የእውነት ነበር። አንዲት ጎረቤት «ማርያም፣ ማርያም» እያለች ወገቧን ይዛታለች። ጥሩብርሃን ነጠላዋን ጣለች፤ እዚያ ውስጥ ጣሊያንም አርበኛም የለም፤ የዞረ ልጅ ብቻ ነው ያለው። አሸች፣ አቃናች፣ ተቆጣች፣ አባበለች። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ልጁ ወጣና ጮኸ።

ወንድ ነው።

እትብቱን ቆርጣ እንደ ልማዷ እልልታውን ጀመረች። አንድ። ጎረቤቲቱ ተቀበለች። ሁለት። በግድግዳው ስንጥቅ ዓይኗ ወደ ውጭ ሾለከ፤ ግራዝማች ዋንጫውን አስቀምጧል፣ እጁ ጉልበቱ ላይ ነው፣ አንገቱ ቀጥ ብሏል። ይጁቤ ትዝ አላት። ሦስት። ከዚያ የጎረቤቲቱን አፍ በእጇ ከደነች።

«ምነው እትዬ፣ ወንድ እኮ ነው» አለች ሴትዮዋ ስትለቀቅ።

ጥሩብርሃን ወደ ማሬ ጎንበስ አለች። «ሁለቱን የቀማሽ ክፉ ዓይን ነው። ይህ ሁሉ ሰው በሚያይበት ሰፈር ወንድ ነው ብለሽ አታውጪው። እስኪጠና ሴት ናት በይ፣ የሴት ስም ጥሪው። አራቱ እልልታ እኔ ጋ ይቀመጥ፤ ጊዜው ሲደርስ አመጣዋለሁ።»

ማሬ እያለቀሰች እጇን ሳመቻት። ጥሩብርሃን አፈረች፤ እንዲህ ያለ ምክር ለሌሎችም ሰጥታ ታውቃለች፣ የዛሬው ግን ለማሬ ብላ ብቻ አልነበረም። ውጭ ደምለው «ሴትም ልጅ ናት፣ ተመስገን» ሲል ሰማችው።

ከሽቦው ርቀው ጓሮ ውስጥ ሲገቡ ግራዝማች አጥር ተደገፈ። «መጋዘኑን አየሁት፣ ዘቡ የሚለዋወጥበትን ሰዓትም። ከኋላው ሽቦው ላልቷል።» ቀጥሎም፣ «ሰባቱን ብትሞሉት ኖሮ ጉልበቴ ተነሥቶ ነበር» አለ። ከአንቺ ወደ አንቱ መሻገሩን እሱም ያወቀው አይመስልም።

«ከበሩ በስተግራ ያለችውን ቤት እሳት እንዳይነካት። ይማሉልኝ።»

«ማርቆስን።»

በአምስተኛው ቀን ማለዳ አርበኞቹ በላላው ሽቦ ገቡ። እስረኞቹ ወጡ፤ ድረስ በሩጫ ጫካ ገባ። ከሰፈሩ ግማሹ ሲነድ የማሬ ቤት ክዳን ፍንጣሪ አልነካውም። ደምለውም ውሎ ሳያድር ጠመንጃውን ይዞ ከዳ፤ የጣሊያንን ጥይት ለጣሊያን መለሰለት።

ጣሊያን ከደብረ ማርቆስ በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ ጥሩብርሃን ከማዋለድ አልቦዘነችም፤ አንድ ነገር ግን ይቆረቁራት ነበር። ማሬ ልጁን ወለላ እያለች፣ ጸጉሩን እየጎነጎነች ታሳድገዋለች። ልጁ እንደሆነ ጠንቶ ዶሮ ሲያባርር ይውላል። አንድ እሑድ ጥሩብርሃን ግራዝማችን አስከትላ ከማሬ ደጅ ደረሰች። ደምለው እንግዳውን ሲያይ ጥቅል ተሸካሚውን ባላገር አስታወሰና ደንግጦ ተነሣ።

ጥሩብርሃን በሩ ላይ ቆመች፣ ነጠላዋን አደገደገች። አራተኛዋን ለቀቀችው። ጎረቤቱ ወጣ። አምስተኛ። ማሬ ልጇን አቅፋ ማልቀስ ጀመረች። ስድስተኛ። ግራዝማችን በዓይኗ ፈለገችው፤ አንገቱ ቀጥ ብሏል። አሁን የሚከለክለው የለም። ሰባተኛዋን እስትንፋሷ እስኪያልቅ አወረደችው።

ግራዝማች ብድግ አለ። ሦስት ዓመት የታፈነች ፉከራ ናት፤ ሰው ሁሉ የፈረስ ስሙን፣ የገደለውን፣ የማረከውን ሊቆጥር ነው ብሎ ጠበቀ። እሱ ግን ከማሬ ደጅ የነበረውን የአዋላጇን ጥቅል አንሥቶ በሁለት እጁ ወደ ላይ አነሣው።

«ዘራፍ፣ የጥሩብርሃን አሽከር!» አለ።