የጌጤነሽ ሰባት ቤት

ጌጤነሽ መኩሪያን የማውቃት ለንደን፣ ፓርክ ሮያል የሚባል ሰፈር ውስጥ ካለ የሳንድዊች ፋብሪካ ነው። እኔ እንቁላሉን ዳቦ ላይ እዘረጋለሁ፣ እሷ ትከድናለች። ክፍሉ ምግቡ እንዳይበላሽ ሲባል ክረምት ከበጋ እንደ ፍሪጅ ስለሚቀዘቅዝ ሁላችንም ስንንቀጠቀጥ እንውላለን። ስለዚህ በፈረንጆቹ ዘጠና ስድስት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ የጌጤነሽ እጅ ዳቦ መጣል ሲጀምር ማንም ልብ አላለም። ብርዱ ነው ተባለ፤ ወፍራም ጓንት ሰጧት።

ብርድ አልነበረም። ጌጤነሽ ፈርታ ነበር።

መጀመሪያ ማን እንደሆነች ልንገራችሁ። ባሏ በደርግ ጊዜ እስር ቤት ሞተ። አንዲት ሴት ልጇን ሶልያናን አዝላ በሱዳን በኩል ወጣች፣ ካርቱም ሰው ቤት ሠራች፣ ከዚያ ለንደን ገባች። ሃክኒ ውስጥ ካውንስሉ፣ የሰፈሩ መስተዳድር፣ በሰጣት ፍላት አራተኛ ፎቅ ላይ ልጇን አሳደገች። ቤተ ክርስቲያን አትቀርም፤ ግን ከፊት ተቀምጣ አይቻት አላውቅም። ማኅበር ላይ ሴቶቹ «የማን ልጅ ነሽ? የየት አገር ሰው ናችሁ?» መባባል ሲጀምሩ እሷ ተነስታ ብርጭቆ ልታጥብ ትሄዳለች። እኔ ደግሞ ሥራ ወዳድ መስላኝ በሰው ፊት አመሰግናት ነበር።

ነገሩን የነገረችኝ ከሥራ ወደ ሃክኒ በሚመልሰን ባቡር ላይ ነው። ዙሪያዋን አየችና አማርኛ የሚሰማ ሰው እንደሌለ ካረጋገጠች በኋላ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«ለሶልያና ሽማግሌ ሊልኩ ነው» አለችኝ።

እልል ልል አፌን ስከፍት ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ልጁን አውቀዋለሁ፤ ቤንጃሚን ይባላል፣ ጨዋና ሳቂታ ልጅ ነው። አባቱ አቶ ኃይለመለኮት ዌምብሊ የራሱ ቤት ያለው፣ ማኅበር ላይ ሁልጊዜ ከቄሱ ቀጥሎ የሚቀመጥ ሰው ነው።

«ታዲያ ምን ያስፈራሻል?»

«ሰባት ቤት ይቆጥራሉ።»

«ይቁጠሩ እንጂ! የተጋቢዎቹ ዘር እስከ ሰባት ቤት እንዳይገናኝ መቁጠር ያለ ነው።»

«እኔ የምቆጥረው የለኝም፣ አይናለም።»

ከዚያ እየተቆራረጠች ነገረችኝ። እናቷ ወርቅዬ ትባላለች። ቢቸና አጠገብ ግራዝማች መኩሪያ የሚባሉ ሰው ቤት ነው የኖረችው። ዘመዳቸው አልነበረችም። ከዓባይ ማዶ ከቆላው በሕፃንነቷ ያመጧት ልጅ ናት። ነፃ ወጥታችኋል የሚለው አዋጅ ሲነገር አገሯን አታውቀው፣ ወገኗን አታውቀው፣ ወዴት ትሂድ? እዚያው ቀረች። የጌጤነሽ አባት የቤቱ በቅሎ ጫኝ ነበር፤ ልጁ ሳትወለድ ጥሎ ጠፋ። ጌጤነሽ ትምህርት ቤት ስትገባ ጸሐፊው የአባቷን ስም ቢጠይቅ መልስ አጣና የጌታዋን ስም ጻፈው። በዚያው ቀረ፤ ፓስፖርቷም ላይ ያለው እሱ ነው።

ባሪያ የሚለውን ቃል አልተናገረችውም። እኔም አላነሳሁትም። ግን ባቡሩ ውስጥ አብሮን ተቀምጦ የሚሄድ ይመስል ነበር።

«ረሳሁት በያቸዋ» አልኳት።

«የጨዋ ልጅ አባቶቹን አይረሳም። ረሳሁ ያለውን ነው የሚጠረጥሩት።»

እውነቷን ነው። እኛ እንግዲህ እንዲህ ነን። ለንደን ድረስ መጥተን፣ ሳምንቱን ሙሉ የሰው መጸዳጃ ስንፈትግ ሰንብተን፣ እሑድ ተሰብስበን የማን አጥንት ንጹሕ እንደሆነ እንመረምራለን። ይህን ሳስብ ደሜ ይፈላል። ጌጤነሽን ግን የኔ ንዴት ምንም አልጠቀማትም።

ከሰዎቹ ይልቅ የምትፈራው ልጇን ነበር። ሶልያና ኮሌጅ የፊልም ትምህርት ትማራለች። የመመረቂያ ጽሑፏ በድሮ የአሜሪካ ፊልሞች ውስጥ ስላሉት ጥቁር አሽከሮችና ገረዶች ነው፤ ሳሎኑን በቪዲዮ ካሴት ሞልታዋለች። አንዱን አብሬያት አይቻለሁ። ራሷን በሻሽ የጠመጠመች ወፍራም ሴት ዓይኗን እያጉረጠረጠች፣ በነጋ በጠባ እየሳቀች፣ የእመቤቷን ልጅ ከራሷ ልጅ አብልጣ እያቀፈች ትታያለች። አሽከሩ ደግሞ ጥላውን ፈርቶ ይሮጣል። እውነቱን ለመናገር ብዙ ሐበሻ ይህን ሲያይ ይስቃል፤ የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስለዋል።

«ሉክ፣ አንቲ አይናለም» አለችኝ ሶልያና፣ «እናት የላት፣ አባት የላት፣ አገር የላት። ሂስትሪዋን በሙሉ ኢሬዝ አድርገውታል፣ አጥፍተውታል። ከባርነት የተረፈው ይሄ ነው፤ ሰዉ የሚስቀው ለዚህ ነው።»

ጌጤነሽ ልብስ ስትተኩስ ነበር። ካውያውን ነቅላ ወደ መኝታ ቤት ገባች።

«እማዬ እንደ ሌሎቹ ናት» አለች ልጅቷ ቅር ብሏት። «ይሄ የኛ ነገር አይደለም ብላ ነው።»

ያን ቀን ባቡሩ ላይ ጌጤነሽ ይህንኑ አነሳችብኝ። «ቴሌቪዥን ውስጥ ላለችው ሴት ታለቅስላታለች» አለችኝ። «አያቷ መሆኗን ብታውቅስ? ታለቅስልኛለች ወይስ ታፍርብኛለች? ሃያ አራት ዓመት አሳድጌያት ይህን አላውቅም። ፈራሁ።»

ከዚያ ያሰበችውን ነገረችኝ። ግራዝማች ልጆቻቸውን ራት ላይ አባቶቻቸውን ያስቆጥሩ ነበር፤ የተሳሳተ በአርጩሜ ይገረፋል። እሷ የእግር ውኃ ይዛ በር ሥር ቆማ ስትሰማ ነው ያደገችው። እንደ አባታችን ሆይ ታውቀዋለች። የእነሱን እቆጥራለሁ አለች። የአቶ ኃይለመለኮት ወገን ሸዌ ነው ይባላል፤ ከቢቸና ሰው ጋር ምን ያገናኘዋል? የሟቹን ባሏን ወገን ወንድሙ ከአዲስ አበባ በስልክ አስቆጥሮ ጨርሷል። የቀረው የእናት ወገን ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ላይ ዳቦ ስትከድን ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ።

ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጡ። ቄስ ኪዳነማርያም፣ አቶ ኃይለመለኮትና ስሙን የማላውቀው አንድ ዝምተኛ ሽማግሌ ነበሩ። በአገር ቤት ደንብ አባት ራሱ ሽማግሌ ሆኖ አይመጣም፤ ለንደን ግን ሰው ያንሳል። ቤንጃሚን ታች መኪና ውስጥ ይጠብቃል። ሶልያና እኔ ጋ ኩሽና ናት። ዶሮውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ጌጤነሽ ያን ቀን ቢላዋ የምትይዝበት እጅ አልነበራትም።

አቶ ኃይለመለኮት የኳስ ውጤት አያለሁ ብሎ ሪሞቱን ሲነካካ የሶልያና ካሴት ተነሳ። ባለሻሿ ሴት ሳህን ተሸክማ እየሳቀች ብቅ አለች። እሱም ሳቀ።

«አያቴ ቤት ልክ እንዲህ ያለች ነበረች ይሉናል» አለ። «ስትስቅ ጣሪያው ይናጋ ነበር አሉ። አይ ባሮቹ፣ ደጎች ነበሩ እኮ።»

ጌጤነሽ ለስላሳ በትሪ ይዛ እየገባች ነበር፤ ጠርሙሶቹ ሲንኳኩ እኩሽና ድረስ ሰማሁ። ሶልያና ተቆጥታ ልትወጣ ስትል እጅጌዋን ያዝኳት። ቄሱ «ዝጋው እባክህ» አሉት፤ ዘጋው።

«ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ» ብለው ቄሱ ጀመሩ። «ወይዘሮ ጌጤነሽ፣ እስቲ በእናት በኩል ያሉትን ቁጠሪልን።»

የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠምጥማ ቆመች። ድምጿ ቀጭን ነበር፤ ግን አልተሰናከለችም።

«ሶልያና የጌጤነሽ ልጅ። ጌጤነሽ የመኩሪያ፣ መኩሪያ የዓለማየሁ፣ ዓለማየሁ የቢተው፣ ቢተው የፊታውራሪ ወንድምአገኘሁ…»

አቶ ኃይለመለኮት ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ወንድምአገኘሁ? የቢቸናው?»

«አዎ» አለች። ሌላ ምን ትበል?

«የአያቴ አባት ናቸው! አያቴ ሸዋ ተድራ መጥታ ነው እንጂ የሳቸው ልጅ ናት! እኔስ ፊትዎን ባየሁ ቁጥር ደም ይስበኝ ነበር!» ብሎ አንገቷን አቅፎ ጉንጭና ጉንጯን እያገላበጠ ሳማት። «ዘመዴ! እርስዎ እኮ የሥጋ ዘመዴ ነዎት!»

አንድ ነገር አይቻለሁ፣ እምላለሁ። ጌጤነሽ ለቅጽበት ፊቷ በራ። በሕይወቷ ዘመዴ ብሎ ያቀፋት ሰው አልነበረም። ወዲያው ግን ቄሱ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«አምስተኛ ቤት ላይ ተገናኙ» አሉ። «እንግዲህ ጋብቻው አይሆንም።»

ሶልያና ከእጄ አምልጣ ሳሎን ገባች። «ወት? ምንድነው የማይሆነው?» አለች። ቄሱ በቀስታ አስረዷት፤ የሥጋ ዘመዶች ናችሁ፣ ቤተ ክርስቲያን አታጋባችሁም። ልጅቷ እናቷን አየቻት። አቶ ኃይለመለኮት አዝኗል፣ ግን ደስታውንም መደበቅ አልቻለም፤ እጁን ጌጤነሽ ትከሻ ላይ እንዳሳረፈ «አይዞሽ ልጄ፣ ወንድምና እህት ሆናችሁ ትኖራላችሁ። ዘመድ ማግኘትም ትልቅ ነገር ነው» አላት ሶልያናን።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እዚህ ግን ያልፈራችው ነበር የደረሰባት። ዝም ብትል የፊታውራሪ ዘር ሆና ትኖራለች፣ ምስጢሯ አብሯት ይቀበራል፣ ልጇ ግን የምትወደውን ታጣለች። እኔ ኩሽናው በር ላይ ቆሜ አያታለሁ፤ የምናገርበት መብት የለኝም። እኔም ፈራሁ።

«አይደሉም» አለች።

«ምኑ?» አሉ ቄሱ።

«ዘመዶች አይደሉም። ግራዝማች መኩሪያ አባቴ አይደሉም። ስማቸውን ነው የያዝኩት።» ወለሉን እያየች ነው የምትናገረው። «እኔ የቤታቸው ገረድ ልጅ ነኝ። እናቴ ወርቅዬ ትባላለች። በገንዘብ የተገዛች ነበረች። ባሪያ ነበረች።»

ቃሉን ራሷ አለችው። አቶ ኃይለመለኮት እጁን ከትከሻዋ ላይ አነሳ።

«አባትሽስ፣ ልጄ?» ቄሱ ጠየቁ፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል።

«በቅሎ ጫኝ ነበር፣ ሳልወለድ ሄደ። ጌትዮው እንዳልሆኑ እናቴ በመስቀል ምላ ነግራኛለች።»

«እንግዲያ ደም አልተገናኘም» አሉ ቄሱ። «በቤተ ክርስቲያን በኩል የሚከለክል ነገር የለም።»

«እናስብበት እንጂ አባ» አለ አቶ ኃይለመለኮት፤ ካፖርቱን አንስቷል። ወደ ጌጤነሽ ዞረ። «ይህን ከመጀመሪያው አትነግሪንም ነበር?»

ከአፍታ በፊት «እርስዎ» ነበር የሚላት። እሷ ግን የለመደችው ስለሆነ መሰለኝ፣ ቀና እንኳ አላለችም። ቄሱ ሲወጡ መስቀላቸውን አሳለሟት፤ ዝምተኛው ሽማግሌ ወደ ኩሽናው አንዴ ተመልክቶ ተከተላቸው። ዶሮው እንደተከደነ ቀረ።

ሠርጉን ለሚጠይቀኝ፣ ሆኗል። ቤንጃሚን በዚያው ሳምንት ብቻውን መጥቶ ጌጤነሽ እግር ላይ ወደቀ፤ ቄሱም ቃላቸውን ጠበቁ። አባትየው ቤተ ክርስቲያን መጥቶ ከድግሱ ቀረ። አንዳንድ ሴቶች ዛሬም ጌጤነሽ ስትገባ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እኔ ያኔ ሆን ብዬ ከፍ አደርጋለሁ።

ያን ቅዳሜ ግን ይህ ሁሉ ገና አልታወቀም ነበር። በሩ ከተዘጋ በኋላ ጌጤነሽ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ልጇን ቀና ብላ ለማየት አልደፈረችም። ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ጉልበቷን ጨብጣ ትተነፍሳለች። ሶልያና ቆማ ቆየችና መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ለኔ ቁጠሪልኝ።»

«ምኑን?»

«የኛን።»

«ሶልያና» አለች እናቷ። «ጌጤነሽ። ወርቅዬ።»

እዚያ ላይ ቆመች። «ወርቅዬንም እነሱ ያወጡላት ነው» አለች ቀስ ብላ።

ልጅቷ የእናቷን ከንፈር እያየች ቀጣዩን ስም መጠበቋን አልተወችም።