ሰማዩ የወረደበት መኪና

ቡን-ቹዋን መኪናውን እየነዳ ወደ ሉዋን የመኪና ታፒሰሪ ቤት ሲገባ አንገቱ ወደ ቀኝ ዘሞ ነበር። አንገቱን አሞት አይደለም። የመኪናው ኮርኒስ ጨርቅ ከጣሪያው ተላቆ፣ ዝናብ እንዳቆረ ድንኳን ሆዱን ጥሎ፣ መንገዱን ሙሉ አናቱን ሲያሻሸው ስለመጣ ነው።

«ወንድም ቡን-ቹዋን» አለች ሉዋን ከመቁረጫ ጠረጴዛዋ ሳትነሣ፣ «ለኔ እጅ እየነሣህ ከሆነ በቃህ፣ ቀና በል።»

«ቀና ካልኩማ መንገዱ አይታየኝም።»

ጨርቁን በአሥራ ሁለት መርፌ ቁልፍ ወጥሮት ነበር። መርፌ ቁልፎቹ ዝገው በየቀዳዳቸው ዙሪያ ቡናማ ክብ ጥለዋል። ሉዋን ጭንቅላቷን ወደ ውስጥ አስገብታ ጨርቁን በአንድ ጣቷ ነካ ስታደርገው፣ ቢጫ ዱቄት ቅንድቧ ላይ ዘነበባት። ሳቀች። በሽታው ይኸው ነው። ከጨርቁ ጀርባ የተለጠፈው ስስ ስፖንጅ በሃያ ስምንት ዓመት ሙቀትና ከዓሣ ኩሬዎቹ በሚነፍሰው ጨዋማ ነፋስ በስብሶ አልቋል። ጣሪያው ደህና ነው፤ ጨርቁም አልተቀደደም። ያለቀው በሁለቱ መካከል ሆኖ ሲያያይዛቸው የኖረው ነው።

«ለመቼ ነው የምትፈልገው?»

«ቅዳሜ ማለዳ ሙሽራ ያመጣል።»

ሉዋን መቀሷን አስቀመጠች። ቡን-ቹዋን ዕድሜውን ሁሉ ዓሣ ሲያረባ የኖረ፣ ከሰው ይልቅ ከኩሬው ጋር የሚያወራ ሰው ነው። አሁን ግን መሪውን እንደያዘ፣ ዓይኑን ባዶው የጎን ወንበር ላይ ተክሎ ተናገረ። አንድ ልጁን ይድራል። አምስት ጥቁር መኪኖች ተከራይተዋል። ስድስተኛው ይኸው ነው፤ ሙሽራዋን ይዞ ከፊት እንዲመራም ይፈልጋል።

«ልጁ ከተወለደበት ሐኪም ቤት እናቱ አቅፋው የመጣችው በዚህ መኪና ነው። እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ። አሁን እሷ የለችም። መኪናው ግን አለ።»

«እህትህስ ምን ይላሉ?»

«ጨርቁ የሙሽራዋን ፀጉር ከነካ መኪናውን ኩሬ ውስጥ እከተዋለሁ አለች።»

«ዋኝቶ ይወጣል፤ የዓሣ ሰው መኪና አይደል? በል፣ ቁልፉን ትተህ ሂድ።»

ሉዋን እንዲህ የምትናገረው ተኩራርታ አይደለም፤ እጇን ስለምታምነው ነው። ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው። ወረቀት ለጣፊ ከነበረ አባት ነው የተወለደችው። አባቷ በቀርከሃ አጥንት ላይ ወረቀት እያለበሰ በወዲያኛው ዓለም እንዲኖሩባቸው ለሙታን የሚቃጠሉ ቤቶችን ይሠራ ነበር፤ በር ያላቸው፣ መስኮት ያላቸው፣ የወረቀት አልጋ የተነጠፈባቸው። ሉዋን በዘጠኝ ዓመቷ ጣሪያ ትለጥፍ ነበር። እርጥብ ወረቀት ይቅርታ አያውቅም። መዳፍህን መኻል ላይ አሳርፈህ፣ አየሩን ወደ ዳር ዳር እየሸኘህ መውጣት ነው፤ ከዳር የጀመረ ሰው አየሩን መኻል ላይ ቀብሮ ይቀራል።

በሃያ ዓመቷ የታፒሰሪ ሠሪ ቤተሰብ ልጅ አገባች። አማቷ «ሴት ወንበር ትስፋ፣ ጣሪያ የወንድ ነው» ብለው አራት ዓመት ሙሉ ወንበር ብቻ አሰፏት። አንድ የዝናብ ወራት የአማቷ ትከሻ እምቢ ሲል፣ የአንድ ትንሽ አውቶቡስ ጣሪያ ብቻዋን ለጠፈች። ሽማግሌው መብራት ይዘው ገቡ፤ አረፋ ፍለጋ ጥግ ለጥግ፣ ስፌት ለስፌት ፈተሹ። ከወጡ በኋላ «ነገም አንቺ ሥሪው» አሉ። ከዚያ ወዲህ የዚያ ከተማ ጣሪያ ሁሉ የሷ ነው።

እዚያ ቤት ኮርኒስ ኮርኒስ አይባልም፤ «ሰማይ» ነው የሚባለው። «የዚህ ሰማይ ስንት ሜትር ይፈጃል?» «የዚያኛው ሰማይ ግራጫ ነው።» አሮጌ መኪና ላይ የሚያስፈራው ጨርቁ አይደለም፤ ጨርቁ የተለጠፈበት ሰሌዳ ነው። እንደ ደረቀ ብስኩት ነው፤ ሲያወጡት ለሁለት ከተከፈለ መኪናው ድሮ የነበረውን ጣሪያ ዳግመኛ አያገኝም። ሳይሰበር ሲወጣ ሠራተኞቹ በደስታ «ሰማዩ ወረደ!» ይባባላሉ። ሉዋን አርባ ዓመት ብላዋለች። ማንንም ጎድቶ አያውቅም።

ማክሰኞ ቀትር ላይ የፊት ወንበሮቹን ወደ ኋላ አስተኝታ፣ የመብራቱንና የእጀታዎቹን ብሎን በካቻቢቴ ፈትታ፣ ሰሌዳውን በኋላ በር በኩል እንደ ሕፃን አቅፋ አወጣችው። አንድ ስንጥቅ የለውም። ደስታዋ ስልኳን አስነሣት። ቡን-ቹዋን ቤት ደወለች፤ ጉንፋን የያዘው የሚመስል ጎርናና ድምፅ «አቤት» አለ።

«ሰማዩ ወረደ!» ብላ ጮኸች። «ሙሉውን ወረደ! ና እየው!»

ስልኩ ተዘጋ።

ሉዋን ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቀረች። ድምፁ የቡን-ቹዋን አልነበረም። የታላቅ እህቱ የሲዮክ-ቲን ነው። ሰርግ አራት ቀን የቀረውን ቤት ትልቅ ሰው «ሰማይ ወረደባችሁ» ብላቸዋለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሮጠህ አትይዘው፣ ጠርተህ አትመልሰው።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሲዮክ-ቲን በወንድማቸው ሞተር ሳይክል ጀርባ ተቀምጠው ደረሱ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ከሞተሩ የወረዱት ግን እንደ ኮረዳ ዘልለው ነው። በድጋፍ ላይ የተጋደመውን ራቁት ሰሌዳ፣ ቢጫ ዱቄት የተነሰነሰባትን ሉዋንን፣ አናቱ የተገፈፈውን መኪና ተራ በተራ ተመለከቱ።

«ይህ መኪና ሰርግ አይገባም» አሉ። «በቃ።»

«እህት ሲዮክ-ቲን፣ የሙያችን አነጋገር ነው። ያጠፋው አፌ ነው፣ እጄ አይደለም።»

«ሙሽራ ከቤቷ ስትወጣ ሰማይ እንዳያያት የሩዝ ወንፊት በአናቷ ላይ እንይዛለን። እስከ መኪናው በር! አንቺ ደግሞ ሰማይን መኪናው ውስጥ አስገብተሽ፣ ጥለሽ፣ ስልክ ደውለሽ ታበስሪኛለሽ?»

ቡን-ቹዋን የራስ ቁሩን ሳያወልቅ መሬት መሬት ያያል። ሉዋን አንድ ቃል እንዲተነፍስ ጠበቀችው። አርባ ዓመት ሙሉ እህቱ ሲናገሩ ዝም ያለ ሰው ዛሬ ከየት ያምጣው?

«ደግሞስ ምን ይጠበቃል» አሉ ሲዮክ-ቲን እየዞሩ፣ «የሙታን ጣሪያ ስትለጥፍ ካደገች!»

ሉዋን ልትቆጣ ይገባት ነበር። እሷ ግን የምትይዘው ጨርቅ ያገኘች ይመስል ዓይኗ በራ።

«እውነትዎን ነው። አባቴ ወረቀት ለጣፊ ነበር። ወንድምዎ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላው ከሥሩ የሾለከበትን የወረቀት ሰቀላ ማን ሠራው?»

ሲዮክ-ቲን ቆሙ። እዚያ አገር ልጅ አሥራ ስድስት ሲሞላው በጨረቃ አቆጣጠር በሰባተኛው ወር ሰባተኛ ቀን ባለ ፎቅ የወረቀት ሰቀላ ወደ ላይ ይነሣል፤ ልጁ ከሥሩ ጎንበስ ብሎ ያልፍና ሰው ሆኖ ይወጣል።

«አባታችሁ ወገባቸውን ታመው ስለነበር አንዱን ጎን የያዙት እርስዎ ነበሩ። እኔ አጠገብዎ ነበርኩ፤ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ። ዝናቡ ይወርዳል፣ ወረቀቱ ርሷል፣ ሰዉ 'ፈረሰ፣ ፈረሰ' ይላል። ፈረሰ?»

ከጎዳናው ማዶ ዓሣ የጫነ መኪና ውኃ እያንጠባጠበ አለፈ።

«አልፈረሰም» አሉ ሲዮክ-ቲን። «ግን አፍሽን አልወደድኩትም፤ እንደ ማስቲሽ ነው፣ የነካው ሁሉ ይጣበቅበታል። ስሚኝ። ክፉ ቃል በዝምታ አይሽርም። ሰማዩ ሲለጠፍ ቆሜ አያለሁ፤ ሲለጠፍም የሰርግ አራት ስንኝ ምርቃት ይነገርበታል። ቤት የሚመታ፣ ያማረ። ያወረድሽው አንቺ ነሽና የምትናገሪው አንቺ ነሽ። አለበለዚያ ጥቁሮቹ መኪኖች ይበቁናል።»

ሉዋን በዚያ ከሰዓት ሰሌዳውን በብሩሽ ስታጸዳ ስንኝ ስትፈልግ ዋለች። የበሰበሰው ስፖንጅ እስከ መጨረሻው ብናኝ መጠረግ አለበት፤ በዱቄት ላይ የተለጠፈ ጨርቅ በወሩ ይወርዳል። በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰችው፤ መዳፏን እያሳለፈች እንደ ጥጃ ደረት ዳበሰችው። እጇ የሚሠራውን ያውቃል። ስንኙ ግን አልመጣ አለ። «ሙሽራ» ከሚለው ጋር ቤት የሚመታላት «በራ» ብቻ ሆነ፤ «የሙሽራው አባት በራ ነው» ብላ ብትጀምር ቡን-ቹዋንን ማስቀየም ነው። አርባ ዓመት ቀዳዳ ስትደፍን የኖረች ሴት በአራት መስመር ተሸነፈች።

ረቡዕ ጠዋት እህትና ወንድም መጡ። ሲዮክ-ቲን ቀይ ሹራብ ለብሰው ወንበር አስመጥተው ተቀመጡ። ሉዋን ፈዛዛ የኮክ አበባ ቀለም ያለው፣ ጀርባው ስፖንጅ የሆነ አዲስ ጨርቅ ዘረጋች። ማስቲሹን በሰሌዳውም በጨርቁም ላይ ረጨች፤ ጠበቀች። ይህ ሥራ እዚህ ጋ ነው ሰውን የሚፈትነው። ቶሎ ካጋጠምካቸው እርጥበቱ ጨርቁን ሰርስሮ ይወጣል፤ ከዘገየህ አይያያዙም። ከተነካኩ ደግሞ መላቀቅ የለም። በጣቷ ጀርባ ነካ አደረገችው። እንደ ክር አልተሳበም፤ ደርሷል።

«አሁን ነው» አለች። «ወንድም ቡን-ቹዋን፣ ያንን ጫፍ ያዝልኝ። ወደ ላይ፣ ወጠር!»

«ስንኙስ?» አሉ ሲዮክ-ቲን።

«ሰማዩ…» ጀመረች ሉዋን። «ሰማዩ ይውጣ…» ግንባሯ ላበ። «እህት፣ መጀመሪያ ልለጥፍና…»

«መጀመሪያ ቃሉ!»

ማስቲሹ እየደረቀ ነው። ሉዋን የሚቀራትን ጊዜ በጣቷ ጫፍ ይሰማታል፤ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ጨርቁ በሁለቱ መካከል ተወጥሮ፣ ሰሌዳው ላይ ሳያርፍ፣ በአየር ላይ ተንጠልጥሏል። ያኔ ከወዲያኛው ጫፍ፣ ጉንፋን ከያዘው ሰው እንኳ የሰለለ ድምፅ ተሰማ። ቡን-ቹዋን ነው። ጨርቁን እያየ ነው የሚናገረው።

«ሰማዩ ይውጣ፣ ከፍ ብሎ ይጥበቅ፤
ሙሽራዋ ትግባ፣ ፊቷ ይድመቅ፤
ዓሣው ይርባልን፣ ኩሬው አይድረቅ፤
የእናቱም ወንበር በሳቅ ይሙቅ።»

ሉዋን ለመደነቅ ጊዜ አልነበራትም። የቃሉ የመጨረሻ ፊደል ሳይበርድ መዳፏን መኻል ላይ አሳረፈችና ወደ ዳር ሸኘች፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ወደ ፊት፣ ጥምዝ ወዳለው ጥግ። ጨርቁ እንደ ቆዳ ተኛ። ከዚያ በኋላ ነው ቀና ብላ ያየችው። ቡን-ቹዋን ጆሮው ድረስ ቀልቷል። ሲዮክ-ቲን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘዋል።

«ማን አስተማረህ?» አሉ ሳይዞሩ።

«ለዓሦቹ ምግብ ስበትን እናገራለሁ… ለራሴ።»

«ሃምሳ ዓመት አብረኸኝ በልተህ ለዓሣ ትገጥማለህ?» መሐረባቸውን አጠፉ። «አራተኛው ስንኝ ትንሽ ያነክሳል። ግን ይሁን። መኪናው ከፊት ይምራ።»

ሰሌዳው አንድ ቀን ተጋድሞ ዐረፈ፤ ዓርብ መኪናው ውስጥ ተመለሰ። ብሎኖቹ ሲጠብቁ ሉዋን አንዲት አረፋ ፍለጋ መብራት ይዛ ገባች። አጣች።

ቅዳሜ ማለዳ ሉዋን ሞተሯን በኩሬዎቹ መግቢያ አቁማ ጠበቀች። ሙሽራዋን ይዘው ሲመለሱ፣ ክፉ እንዲርቅ ሥጋ የታሰረበት ረጅም ቀርከሃ በአሮጌው መኪና አናት ላይ እየተወዛወዘ ከሩቅ ታየ። አምስቱ ጥቁር መኪኖች ከኋላው ተሰልፈዋል። ቡን-ቹዋን ቀጥ ብሎ፣ አንገቱን አቅንቶ ይነዳል። ሙሽራዋ የምትለው ነገር ከጎኗ ያለውን ሙሽራውን በሳቅ ያንፈራፍረዋል።

በሁለት ኩሬ መካከል ያለው መንገድ ለአንድ መኪና ብቻ የሚበቃ ነው። የሁለተኛው መኪና ሾፌር ቸኩሎ ጡሩምባ ነፋ፤ በጎኑ ከተቀመጡት ሲዮክ-ቲን ግን የሚያቃጥል ኩርኩም ቀመሰ። ከፊት ያለውም አልቸኮለም። ውኃው ግራና ቀኝ እንደ ብር አንጸባርቋል፤ አሮጌው መኪና ግድቡን ይዞ በራሱ እርምጃ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ሌሎቹም ሁሉ ተከተሉት።