የመበለቷ እምቢታ

ጎረቤቴ ኢንሺራህ የቴሌቪዥን ድራማ ደራሲ ናት። በዚያ ረመዳን ሹብራ ሰፈራችን ውስጥ እንደ እሷ መቀመጥ ያቃተው ሰው አልነበረም። በድራማዋ ያለችው መበለት ባለጸጋውን አላገባም እንድትል ጽፋለች፤ የጣቢያው ኃላፊ ወግዲ ግን ሰርግ ይፈልጋል።

«እናቴ መበለት ሆና ልብስ እየሰፋች ነው ያሳደገችን፣ ጌታዬ» አለችው በስልክ።

«እንግዲያው እሳቸውን ለኔ ዳሪልኛ!» ብሎ ሳቀ። «የዛሬው ክፍል ይለፍልሽ። ሕዝቡ ካልወደደው ግን ነገ ትድሪያታለሽ።»

የማፍጠሪያው መድፍ ተተኮሰ። ኢንሺራህ ቴምሯን እንደያዘች ከበረንዳ ጓዳ ትመላለሳለች። ድራማው ሲጀምር ከየመስኮቱ ቴሌቪዥን የመበለቷ «አይሆንም!» ተሰማ። የማንኪያው ኳኳታ ጸጥ አለ። ከላይ ፎቅ፣ ባሏ የሞተባት ኡም ራምዚ እንደ ሰርግ ቀን እልልታዋን አቀለጠችው፤ ሰፈሩም ተቀበላት።

ስልኩ ጮኸ። «እናቴም እዚህ እልል ብላለች» አለ ወግዲ። «በይ፣ እንዳሻሽ ጻፊ።»

ኢንሺራህ አልሐምዱሊላህ ብላ ተቀመጠች፤ ቴምሯንም ገና ያኔ በላች።