የሐዋ ተራ

የረጠበ አጎዛ ሽታ ታውቃላችሁ? ዝናብ የመታው፣ ሳይደርቅ ተጠቅልሎ ያደረ የበግ ቆዳ፣ ሰው አፍንጫውን ይዞ የሚያልፈው። ባለፈው የእንቁጣጣሽ ማግስት ቆዳ የሚገዙ ጎረምሶች ዝናብ ይዟቸው ከነሸክማቸው በረንዳዬ ላይ ተጠልለው ሳለ፣ ያ ሽታ በመስኮት ገብቶ አገኘኝ። ልጄ ከጓዳ «ኤጭ! እማዬ፣ መስኮቱን ዝጊው እንጂ!» እያለች ስትጮህብኝ፣ ተነሥቼ መዝጋቱ አቅቶኝ ቁጭ እንዳልሁ ቀረሁ። እንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ ትዝታም ሲመጣ ያደክመኛል።

በጃንሆይ ጊዜ፣ እዚሁ ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር፣ እናቴ ብርቅነሽ ከቤታችን ጀርባ በነበረች አንዲት የጭቃ ክፍል ውስጥ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ያልደረሱ ሕፃናትን ታስተምር ነበር። አባቴ እኔ ጡት ሳልጥል ስለሞተባት መተዳደሪያችን ያቺው ክፍል ነበረች። ወንበር የሚባል ነገር ስላልነበረን እያንዳንዱ ልጅ አጎዛውን ከቤቱ ተሸክሞ እየመጣ፣ መሬት ላይ አንጥፎ ይቀመጥ ነበር፤ ክረምት ላይ አጎዛው ሁሉ በስብሶ ይመጣና ክፍሉ በግ የታጎረበት ይመስል ነበር። ከጎጃምና ከሸዋ የመጡት ወላጆች እናቴን «እትዬ ብርቄ»፣ ኦሮሞዎቹ ደግሞ «አዴ ብርቄ» ይሏታል፤ እኛ ልጆቹ ግን ሁላችንም፣ የወለደችኝ እኔም ሳልቀር፣ ክፍል ውስጥ «አዴ» ነበር የምንላት። ፊደሉን በአማርኛ ታስቆጥረንና ያልገባውን በኦሮምኛ ታስረዳው ነበር። መንግሥት ትምህርት ቤት ሲገቡ በኦሮምኛ ያወራ ልጅ እንደሚቀጣ ስለምታውቅም፣ «ይኼ የእኔና የእናንተ ነው፤ እዚያ ስትሄዱ አፋችሁን ሰብስቡ» ትለን ነበር።

እናቴ ስትባል መጀመሪያ የሚታወሰኝ ድካሟ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ውኃ ትቀዳለች፣ ክፍሉን ትጠርጋለች፣ ቀኑን ሙሉ ከእኛ ጋር ስትጮህ ውላ ማታ ደግሞ ለሰው ጥጥ ትፈትላለች። «ደከመኝ» ማለት አመሏ ስለነበር ማንም ከቁም ነገር አይቆጥርላትም ነበር፤ እኔ ራሴ መዝሙር ይመስለኝ ነበር።

የመስቀል በዓል አልፎ፣ ጭቃው ደርቆ፣ ልጆቹ በተመለሱበት በአንዱ መስከረም ጠብ ተነሣ። ጽጌ የምትባል፣ የመምሬ ደስታ የልጅ ልጅ የሆነች፣ ምላሷ ከቁመቷ የሚረዝም ልጅ ነበረች። እሷ ሆዬ፣ አባቱ ሚሲዮን የሚሠራውን ገመቹን «እናንተኮ ረቡዕ ቅቤ ትበላላችሁ፣ ገሃነም ነው የምትገቡት» ብትለው፣ መልስ ቢያጣ ክንዷን ነክሷት ቁጭ አለ። እናቴ አርጩሜዋን አንሥታ ትንሽ አየችውና መልሳ አስቀመጠችው። ለመምታትም ጉልበት ይጠይቃላ! ከዚያ ግድግዳውን ተደገፈችና፣ «በሉ፣ ከዛሬ ጀምሮ ዕቃቃ እንጫወታለን፤ የምትጫወቱት ግን የሰውን ቤት ነው» አለችን።

እንዲህ ተጀመረ። ሐሙስ ሐሙስ ከፊደል በኋላ አንዱ ልጅ ባለቤት፣ ሌሎቻችን እንግዳ እንሆን ነበር። ባለቤቱ በር ላይ ቆሞ በእነሱ ቤት እንዴት እንደሚገባ፣ ሰላምታው ምን እንደሆነ፣ ማዕድ ከመነካቱ በፊት ምን እንደሚባል ያሳየናል፤ እኛም እንደዚያው እናደርጋለን። በገመቹ ተራ በኦሮምኛ «አካም ቡልተን»፣ እንዴት አደራችሁ፣ ተባብለን፣ እሱ አባቱን እየመሰለ ረዥም ጸሎት ሲያደርስ በጣቶቻችን መካከል እያጮለቅን እንጠብቀው ነበር። በጽጌ ተራ ዳቦው ተባርኮ እስኪቆረስ ማንም እጁን አይሰድም፤ ባራኪዋ ራሷ ጽጌ ነበረች፣ የአያቷን ሳል ሳትቀር ታስል ነበር። በሐዋ ተራ ደግሞ ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ሐዋ ከጅማ የመጡ የጨርቅ ነጋዴዎች ልጅ ነበረች፣ ዝምተኛ፣ ዓይነ ትልቅ። አብዛኞቹ ባዶ እግራቸውን የሚመጡ ስለነበሩ ጎንበስ ብለው የሌለ ጫማቸውን እየፈቱ ደፉ ላይ በሥርዓት ይደረድሩ ነበር፤ አንዱማ ሲወጣ «ጫማዬን ማን ወሰደው?» ብሎ አለቀሰ። ሐዋም በማንቆርቆሪያ እጃችንን አስታጥባ «ቢስሚላሂ» ብላ ታስጀምረን ነበር።

ምግቡ ጭቃና ቅጠል ነበር። እናቴ ግን አንድ ትእዛዝ ነበራት፤ «እንግዳ የሆነ ሰው ባለቤቱ የሰጠውን ይበላል፤ ፊቱን አያጨማድድም። ገባችሁ?» ትለን ነበር፣ እኛም «ገባን፣ አዴ!» ብለን ጭቃውን የምር እንደበላ ሰው ከንፈራችንን እንልስ ነበር። ገመቹ አንዴ የምር በልቶታል።

በጋው እየገፋ፣ ቡና ለቀማው ወላጆቹን ሁሉ ከቤት ሲያስወጣ፣ ልጆቹ እኛ ዘንድ የሚቆዩበት ሰዓት ረዘመ፤ የእናቴም እግር ማበጥ ጀመረ። ጨዋታው ግን ሰምሮላት ነበር። ጽጌና ሐዋ አንዲት አጎዛ ላይ ካልተቀመጥን እያሉ ያለቅሱ ነበር። ስለዚህ ከጥምቀት በኋላ እናቴ ደፈር አለችና ባለተራው ልጅ ከቤቱ እውነተኛ ምግብ ያምጣ አለች። የገመቹ እናት አንጮቴ የሚባለውን የወለጋ ሥራሥር ቀቅላ ወቅጣ ላከችልን፣ ከጽጌ ቤት ድፎ ዳቦ መጣ፣ ከዚያ የሐዋ ተራ ደረሰ።

የሐዋ እናት ዘሃራ በማለዳ ራሷ መጣች። ሁለት የተሸፈኑ ሳሕኖች ይዛ ነበር። «አዴ ብርቄ፣ ይኼ ሰማያዊው የምስር ሳምቡሳ ነው፣ ለልጆቹ ሁሉ። ነጩ የሥጋ ነው፣ ለሐዋ ብቻ። አደራ እንዳይቀላቀል» አለች። ክርስቲያን እስላም ያረደውን፣ እስላምም ክርስቲያን ያረደውን እንደማይበላ የማያውቅ አልነበረም፤ እሷም አስባበት ነው የለየችው። እናቴ «ስለሱ አታስቢ» ብላ ተቀበለቻት።

እኔ አጠገቧ ነበርሁ። ልጆቹ እጃቸውን ታጠቡ፣ ተቀመጡ፣ መብላት ጀመሩ፣ ክፍሉም ጸጥ አለ። ያ ጸጥታ ነው ጉድ የሠራን። እናቴ ግድግዳውን እንደተደገፈች ዓይኗ ክድን አለ። ሌሊቱን ስትፈትል ነበር ያደረችው። ሐዋ የዕለቱ ባለቤት ስለነበረች፣ ለምትወዳት ጓደኛዋ ከራሷ ድርሻ ማካፈል አማራትና፣ ከነጩ ሳሕን አንሥታ «ኛዱ፣ ብይ!» ብላ ጽጌን አጎረሰቻት። ጽጌም የተማረችውን አልረሳችም፤ ፊቷን ሳታጨማድድ በላች፣ እንዲያውም «ጨምሪልኝ» አለች። እናቴ ስትባንን ነጩ ሳሕን ባዶ ነበር። ጽጌ ከምሳ በኋላ ቤቷ ሄዳ፣ ምን እንደበላች በኩራት ተናገረች።

ወይ ጉድ! የጽጌ አያት፣ የመምሬ ሚስት ወይዘሮ አስካለ፣ ነጠላቸውን መሬት ለመሬት እየጎተቱ መጡና «ልጄን አሰለማችኋት!» ብለው ሰፈሩን ቀወጡት። ጽጌ ሲነጋ ጠበል ተወሰደች። መምሬ ደስታ «ሕፃን ናት፣ ምን ታውቃለች» ብለው ለማብረድ ሞክረው ነበር፤ ግን የሰፈሩ ግማሽ የንስሐ ልጃቸው ስለሆነ የሕዝቡ አፍ ያስጨንቃቸው ነበር። ዐቢይ ጾም ሲገባ ከክርስቲያኑ ልጆች ብዙዎቹ ቀርተው ነበር። ወሬውም መልኩን ለወጠ፤ «ያቺ ዘሃራ ሆን ብላ ነው የላከችው» ይባል ጀመር።

እናቴ በዚያ ጾም፣ ምንም ሳትቀምስ ውላ፣ ባበጠ እግሯ መምሬ ቤት እየተመላለሰች ትለምን ነበር። በአንድ ቃል ዘሃራን ነጻ ማውጣት ትችል ነበር፤ «ለይታ ነው የላከችው» ማለት ብቻ ነበር የሚያስፈልጋት። ግን ያንን ካለች «አንቺስ የት ነበርሽ?» ይመጣል፤ ለምትተኛ አስተማሪ ደግሞ ልጁን የሚሰጥ ማን ነው? ዝም አለች። በመጨረሻ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ የእስላም ልጆች በር አጠገብ ለብቻቸው ይቀመጡ፣ ለብቻቸው ይብሉ ተብሎ ተፈረደ፤ እናቴም «እሺ» ብላ ተመለሰች። የእስላም ልጆች የተባለችው ሐዋ ብቻ ነበረች።

ሰኞ ዕለት የሐዋ አጎዛ ከበሩ ሥር ተነጠፈ። ሐዋ ቆማ አየችውና «ምን አጠፋሁ፣ አዴ?» አለች።

«ምንም አላጠፋሽ፣ ልጄ። ደክሞኛል፤ ቁጭ በይ።»

ተቀመጠች። ቀኑን ሙሉ ፊደሉን ከእኛ ጋር አብራ ጮኸች። ማክሰኞ አልመጣችም። ጽጌና የቀሩት ተመለሱ፣ ክፍሉ እንደ ድሮው ሞላ፣ ሐሙስ ሲመጣ ግን ጨዋታውን ያነሣ አልነበረም።

ፋሲካ አልፎ የበልግ ካፊያ በጀመረበት ሰሞን፣ እናቴ አንድ ቀን እጄን ይዛ ዘሃራ ቤት ሄደች። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ዘሃራ ደኅና አድርጋ ተቀበለችን፤ ምንጣፍ አነጠፈች፣ ሻይና ዳቦ አቀረበች። እናቴ ዳቦውን እንደያዘች ሳትቆርስ ብትቀር፣ «ሥጋ የለበትም፤ ብይ» አለቻት። እናቴ አንገቷን ደፋች።

«ለይቼ እንደላክሁ ነግረሻቸዋል?» አለች ዘሃራ።

እናቴ ዳቦውን መልሳ አስቀመጠችው። «ተኝቼ ነበር፣ ዘሃራ። ደክሞኝ ነበር» አለች።

«እኔም ይደክመኛል፣ አዴ ብርቄ። ደክሞኝ ግን ያንቺን ልጅ ቆሻሻ አላስባልሁም።» ድምፅዋን አላነሣችም። «ሐዋ ያጎረሰችበትን እጇን ስትታጠብ ነው የምትውለው። ጠርቷል ብላት አታምነኝም።»

እናቴ አለቀሰች። እናቴ ስታለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፣ እኔም አብሬያት አለቀስሁ፣ ምኑ እንዳስለቀሰኝ ግን በደንብ አልገባኝም ነበር። ዘሃራ እንደ ወጉ እስከ መንገድ ድረስ ሸኘችን። «ሐዋ አትመለስም» አለችን።

በእሑዱ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ እናቴ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ መምሬ ደስታን አስቁማ፣ ወይዘሮ አስካለና ሌሎችም እየሰሙ፣ ሁሉንም ተናገረች። ሳሕኖቹ ሁለት እንደነበሩ፣ ዘሃራ አደራ እንዳለቻት፣ እሷ እንደተኛች። መምሬ «ይኼን በጊዜው ብትነግሪኝ ምን ነበረበት፣ ልጄ?» አሏት። ቤት ስንገባ እናቴ ልብሷን ሳትለውጥ ጋደም ብላ እስኪመሽ ተኛች። እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ስትተኛ አይቻት አላውቅም።

በእውነቷ ያገኘችው ጥቅም የለም። ልጆቹ እንደገና አንድ በአንድ ቀሩ፤ አሁን በሥጋው ሳይሆን በእንቅልፏ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ክፍሉ ውስጥ የምንቀመጠው ገመቹና እኔ ብቻ ነበርን፣ ከዚያ እሱም ቀረ። ክፍሉ የጎረቤት በቆሎ ማስቀመጫ ሆነ፣ እናቴ እስክትሞት በጥጥ ፈተላ አሳደገችኝ። ሐዋን ገበያ ላይ አንዴ ከእናቷ ጋር አየኋትና ስሟን ጠራሁ። አየችኝ፤ አልመጣችም። ከዚያ ወደ ጅማ ተመለሱ ሲባል ሰማሁ።

አሁን የልጅ ልጄ ሲፈን በምትማርበት አፀደ ሕፃናት በየዓመቱ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ይከበራል። ዘንድሮ እኔም ተጠርቼ ሄድሁ። ልጆቹ የተከራዩትን ልብስ ለብሰው፣ አንዷ የሐረር፣ አንዱ የጋምቤላ፣ አንዷ የጉራጌ ሆነው በድምፅ ማጉያ እየተዘፈነላቸው ዞሩ፣ ያምሩ ነበር፣ አጨበጨብሁ። ምሳ ሲደርስ እያንዳንዱ ወደ ራሱ ወንበር ሄዶ የራሱን ምሳ ዕቃ ከፈተ። ለምን አብረው እንደማይበሉ አስተማሪዋን ብጠይቃት፣ «መቀባበል ክልክል ነው፣ እማማ። ወላጅ እንዳይቀየመን ነው» አለችኝ። ልጅቷን አልፈርድባትም፤ ፊቷ ላይ የእናቴን ድካም አይቼባታለሁ።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ሲፈንን፣ «አጠገብሽ የምትቀመጠዋ ልጅ ቤቷ ምን ይበላሉ?» አልኋት።

«እኔ ምን አውቄ?» አለችኝ፣ በጥያቄው ተገርማ።

እኔ በእሷ ዕድሜ የሐዋ ቤት ጫማ የት እንደሚወልቅ፣ የገመቹ አባት ሲጸልይ እጁን የት እንደሚያኖር አውቅ ነበር፤ ማወቃችን ደግሞ ዘሃራን ስሟን፣ እናቴን እንጀራዋን፣ ሐዋን እጇን አስከፍሏል። ሲፈን ማንንም አላስቀየመችም፣ ማንም እሷን አላስቀየማትም። ተመስገን ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ አልወጣልኝም።